ከኮምፒውተር ክፍሉ በር ጀርባ

ማክሰኞ

ፈረምኩ። ከዲሲፕሊን ኮሚቴው አምስት አባላት የመጨረሻዋ ፈራሚ እኔ ነበርኩ። እስክሪብቶዬ አልጽፍ ብሎኝ የዳይሬክተሩን ተውሼ ነው የፈረምኩት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ምሕረት ለአንድ ሴሚስተር ታገደች። የብሔራዊ ፈተና ምዝገባው ሊደርስ ነው፤ ለሷ አንድ ሴሚስተር ማለት ዓመቱ በሙሉ ማለት ነው።

ጥፋቷ፦ ባለፈው ሐሙስ በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር፣ በራሷ ፌስቡክ ገብታ፣ ሺሺንዳ ያለው ቤተክርስቲያናቸው የመዘምራን ግሩፕ ላይ ብልግና ጻፈች። አንብቤዋለሁ፣ እዚህ አልደግመውም። እሷም ከመዘምራኑ አንዷ ናት።

"እኔ አይደለሁም" አለች። ሦስት ጊዜ። "ፈተና ላይ ነበርኩ" አለች። ሰብሳቢው "ልጅ ሲጨንቀው የማይለው የለም" ብሎ አለፈው። አባቷ ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ የአይሲቲ መምህርት ነኝ፣ አዋቂዋ እኔ ነኝ። "አካውንቱ የሷ ነው። ፓስወርዱን ደግሞ ከባለቤቱ ሌላ የሚያውቅ የለም" አልኩ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። በራሴ ኮርቼም ነበር መሰለኝ።

ጋሽ ወልዴ ሲወጡ ጎንበስ ብለው "ስለ ድካምዎ እናመሰግናለን" አሉኝ።

ረቡዕ

የዛሬው ትምህርት የዲጂታል ደህንነት። መብራት አልሄደም፣ ተመስገን። ከሃያ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አሥራ ሦስቱ ተነሡልኝ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ፓስወርዳችሁን ለማንም አትስጡ። "ለእናታችሁም ቢሆን!" ብዬ ጨመርኩበት።

ከኋላ አንድ ሳቅ ሰማሁ። ሰብለ ናት፣ ከምሕረት ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖረው።

"ምን ያስቅሻል?"

"ቲቸር፣ የኛን'ኮ ላብራቶሪ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።" ተነሥታ ሄደችና ሁልጊዜ ተከፍቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚውለውን በር ዘጋችው።

ከጀርባው የኔ ወረቀት። በኔ እጅ ጽሑፍ፣ በማስመሪያ ተሰምሮ፦ ስም፣ ፓስወርድ፣ ስም፣ ፓስወርድ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ። የለጠፍኩት መስከረም ላይ ነው። ተማሪው በመጣ ቁጥር ፓስወርዱን ይረሳል፣ ክፍለ ጊዜው እሱን በመቀየር ያልቃል፣ በመሃል መብራት ይሄዳል። ቢያንገበግበኝ ለሁሉም ኢሜይል ከፍቼ ፓስወርዱንም እኔው አወጣሁላቸው። ብዙዎቹ ፌስቡክ የከፈቱትም ያኔ ነው። "እንዳይጠፋባችሁ ለሁሉም ነገር እሱኑ ተጠቀሙ" ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ምሕረት ደግሞ የተባለችውን የምታደርግ ልጅ ናት።

ረስቼው ነበር። በእውነት ረስቼው ነበር። ግን ትናንት ያንን ሁሉ ስናገር ለአንዲት ደቂቃ ማሰብ ምን ነበረበት?

ወረቀቱን ገንጥዬ ቀጥታ ዳይሬክተሩ ጋ መሄድ ነበረብኝ። ገነጠልኩት። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና "ወደ ትምህርታችን" አልኩ። ሰብለ እስኪደወል ድረስ ዓይኗን ከቦርሳዬ ላይ አላነሣችም።

ሐሙስ

የኮምፒውተር ክፍሉን መዝገብ አየሁ። ያ መልእክት በተጻፈበት ክፍለ ጊዜ እዚያ የነበረው ሴክሽን ሐ ነው። ምሕረት ሴክሽን ሀ ናት። የባዮሎጂ መምህሩን ጠየቅሁት። በዚያ ሰዓት እሱ ጋ ፈተና ላይ ነበረች፤ ወረቀቷን ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየኝ። ጥሩ ውጤት ነው ያመጣችው። "ምነው፣ ችግር አለ?" አለኝ። የለም አልኩት።

አንድ ጥያቄ ነበር የሚበቃው። አልጠየቅንም። እኔ ተናግሬ ስላበቃሁ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

ታዲያ ዛሬስ ለምን ዝም አልኩ? ቢያንስ ለዚህ ደብተር አልዋሽ። ሰኞ ለዞኑ መምህራን የዲጂታል ደህንነት ሥልጠና የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ደብዳቤው ወጥቷል፣ ለእናቴም በስልክ ነግሬያታለሁ። ዳይሬክተሩ እንግዳ ሲመጣ "የኛ ባለሙያ" እያለ ያስተዋውቀኛል፣ ደስ ይለኛል። ደግሞም ፈርቻለሁ። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው፤ ፈርቻለሁ።

ሰብለ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ሰላም ሳትለኝ አለፈች።

ዓርብ

ነገርኩት። ወረቀቱን ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፣ የፈተናዋንም ነገር ጨመርኩ። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የገዛ ልጁ ስም ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው።

"ሰናይት፣ አሁን ምን ያወሳስብሻል? የእገዳው ደብዳቤ ወጪ ሆኗል። ደሞ ልጅቷ ራሷ አምናለች።"

"የት ነው ያመነችው?"

"ረቡዕ ጸሎት ላይ። ምእመኑ ፊት ቆማ ይቅርታ ጠይቃለች። አባትየው ደውለው ነገሩኝ።"

ያልጻፈችውን። የሚያምናት ስታጣ፣ ያልጻፈችውን ጽፌያለሁ ብላ ሰው ፊት ቆመች። እኔ ያን ዕለት ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ስደብቅ ነበር።

"በጽሑፍ አምጪው" አለ በመጨረሻ፣ እንደ ደከመው ሰው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። አንዱ ላይ "ከሥራ ጫና የተነሣ" የሚል ነገር ገብቶ ነበር። ጫና! መብራት ያለ እንደሆነ ነው የማስተምረው። በአራተኛው ያደረግሁትን ብቻ ጻፍኩና ለጸሐፊዋ ሰጠሁ። ማኅተም ስታደርግበት አንብባው ኖሮ ቀና ብላ አላየችኝም።

ቅዳሜ

ሺሺንዳ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን እየተለማመድኩ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር መሰለኝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት "እየጸለይሽ ነው ልጄ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ይኼም ውሸት።

ጋሽ ወልዴን ከቤታቸው ጀርባ ቡና ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። እጃቸውን ጠርገው ወንበር አወጡልኝ። ባለቤታቸው አማርኛ ብዙም አይሰሙም፤ እኔ ስናገር የባላቸውን ፊት ነበር የሚያዩት። የወረቀቱን ነገር፣ የፈተናዋን ነገር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"እንግዲህ ልጄ አልጻፈችም ነው የሚሉኝ?"

"አልጻፈችም ጋሽ ወልዴ።"

"ማክሰኞ ዕለት ግን እርስዎ ጽፋለች አሉ።"

"ብያለሁ።"

"እኔም እርስዎን አመንኩ" አሉ። "የተማሩ ሰው ናቸው ብዬ። ልጄን ትቼ እርስዎን አመንኩ።"

ከዚያ በካፊኖኖ ለባለቤታቸው ነገሯቸው። እሳቸው አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁ። ጋሽ ወልዴ አልተረጎሙልኝም።

ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። አጠገቧ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። መንገድ ላይ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ፣ "ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ብቻ ወጣኝ። "እሺ ቲቸር" አለች። ተማሪ የቤት ሥራ ሲሰጠው እንደሚለው እሺ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልሄድ ስነሣ ጋሽ ወልዴ "ነገ እዚህ ይዋሉልን" አሉ። "እሷ በቆመችበት ቆመው ይህንኑ ይናገሩልን።" አልጋ ይዤ አደርኩ።

እሑድ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የነሱ ቤተክርስቲያን ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ነጠላዬን የት እንደማደርገው እንኳ ግራ ገባኝ። ከስብከቱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ፣ ማይኩ ጮኸ፣ ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። ሰባ ተማሪ ፊት ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ማይክ ግን ይዤ አላውቅም።

"ምሕረት አልጻፈችም" አልኩ። ፓስወርድ ምን እንደሆነ ለማያውቁት፣ የቤቷን ቁልፍ አደባባይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው ከፍቶ ገባ አልኳቸው። ሽማግሌው ወደ ካፊኖኖ መለሱት። "ኮሚቴ ላይ ስመሰክርባትም ሳላጣራ ነው" አልኩ፣ እሱንም መለሱት። አንዳንዱ "ጌታ ይባርክሽ" አለኝ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እንባቸውን ጠረጉ። ቀለል አለኝ፤ ለአፍታ።

ከዚያ መዘምራኑ ተነሥተው ወደፊት ወጡ። ምሕረት እናቷ ጎን ተቀምጣ ቀረች። አንዷ ዞር ብላ በእጇ ጠራቻት። ራሷን ነቀነቀችና መሬት መሬት ማየት ጀመረች፤ ልክ አባቷ ማክሰኞ ዕለት እንዳደረጉት። እኔ ማይክ ይዤ ስለተናገርኩ ሁሉም ወደ ቦታው የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ሞኝ ነኝ።

ሰኞ

ሥልጠናውን ሌላ ሰው እንዲሰጥ ተደረገ። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ዳይሬክተሩ "የኛ ባለሙያ" አላለኝም፣ "መምህርት ሰናይት" ብቻ። ኮሚቴው በዚህ ሳምንት እንደገና ይሰበሰባል፤ እስከዚያ ምሕረት ክፍል ትግባ ተብሏል። መልእክቱን የጻፈው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሴክሽን ሐን ጠይቄያቸው ሁሉም ጣሪያ አዩ። የሚታወቅም አይመስለኝም።

ምሕረት መጣች። ከሰብለ ጋር ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠች። የዛሬው ሥራ፦ ሁሉም ሰው አዲስ ፓስወርድ፣ በየተራ፣ ሌላው ራቅ ብሎ። እኔ እየዞርኩ የሚቸገሩትን ሳግዝ ቆየሁ። የሷ ተራ ሲደርስ እንደ ልማዴ ከኋላዋ ቆምኩ። እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀጥ አለ።

"ቲቸር፣ ይዙሩልኝ።"

"እኔ?"

"አዎ። እርስዎም።"

ሰብለ እንኳ አልሳቀችም። ምሕረት ትክክል ናት።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የምትመታቸውን ፊደሎች እሰማ ነበር። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ ረጅም ፓስወርድ ነው የመረጠችው። "ጨርሻለሁ" እስክትለኝ አልዞርኩም።