ለሚስተር ፕሩት፦ ነገ ለእናቴ ቀብር የሚፈለገው ቁልፍ

አይ፣ ክቡር ሚስተር ኦርቪል ፕሩት፣ የቄስ ሎቪና ድምፅ ከኋላ ወንበር አይሰማም ብለው እሁድ ለጉባኤው የነገሩትማ ልክ አይደለም፤ ከኋላ ወንበር የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ እንዲያውም ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። ይቅርታ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ነገር ጀመርኩ። የጸሎት ቤታችን ቦርድ ሊቀመንበር ነዎትና ቁርጥማቱ እንደተሻለዎት፣ ምድጃዎም ደህና እየነደደ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት እናቴ ትናንት አርፋለች፤ ከዚያ በቀር ደህና ነን።

ነገ ጠዋት ነው የምንቀብራት። አደራዋ አንድ ነበር፤ «ሎቪና ትቅበረኝ፣ ከራሳችን ጸሎት ቤት» ብላለች። እርስዎ ደግሞ እሁድ ቄሷን በድምፅ ብልጫ አሰናበቱ፣ ሰኞ የበሩን ቁልፍ አስቀየሩ፣ አዲሱም ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ ነው።

አንደኛ፣ «ቤቱ የሴቶች ሳሎን ሆነ፣ ወንዶቹ የሸሹት ለዚህ ነው» ስላሉ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ እርሻቸው ከስሮ ወደ ምዕራብ የሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሎቪናን ቀሚስ ፈርተው ነው። እሷ ስትመጣ ያ ቤት የኮርቻ መሥሪያ ነበር። ምድጃውን ራሷ ለኩሳ፣ የደጁን በረዶ ራሷ ዝቃ፣ እጇን ታጥባ ትሰብካለች። በእሷ ፈንታ የሚመጣው ወጣት ቄስ አካፋ መያዝ ይችል እንደሆነ ቦርዱ ጠይቆት ይሆን?

ሁለተኛ፣ ወደ ሜቶዲስቱ ቄስ ሂዱ ብለው ስለመከሩን። ሄድን። እኛ ዩኒታሪያኖች እግዚአብሔር አንድ ነው፣ ሦስት አይደለም ባዮች መሆናችንን ያውቃሉ። «እናትሽ በሥላሴ አምናለሁ ብላ ቢሆን ኖሮ ደስ እያለኝ እቀብራት ነበር» አሉኝ ቄሱ። «አሁን ልጠይቃት?» አልኳቸው። አባቴ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

ሦስተኛው ደግሞ፣ ያ ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ እኛ ቤት ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር በኩል ሲያናግረን፣ በሩን ከፍታ የገባችው ሎቪና ብቻ ናት። ወንድሜ የሞተው እቅፏ ውስጥ ነው። እናቴ ያንን አልረሳችም። የእርስዎ ባለቤት ሚሲስ ኢዲትም በዚያ ውሽንፍር ስትቀበር የጸለየችው እሷ ነበረች፤ ያን ቀን ፊተኛው ወንበር ላይ ሆነው ሲያለቅሱ ድምጿ አይሰማም አላሉም።

ስንተኛ እንደደረስኩ ጠፋኝ። ዛሬ ሎቪና ጋ ስሄድ መጽሐፎቿን ሳጥን ውስጥ እየከተተች ነበር። «በሩን ልስበረው?» አልኳት። «ተይ ልጄ፣ እናትሽን በተሰበረ በር አናስወጣትም። ግቢያችሁ ውስጥ ቆሜ እጸልያለሁ» አለችኝ። በዚህ በአዮዋ ብርድ፣ በዚያ በሚያስላት ደረቷ። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቦርድ የለኝ፣ ቁልፍ የለኝ። ያለኝ ይህ ወረቀት ነው፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ወረፋ እየጠበቀ ያንብበው።

ለቤትዎ ሙቀት፣ ለኪስዎ ክብደት እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ የኋላ ወንበሯ ታዛዥዎ
ሚነርቫ ሃስኬት

ማስታወሻ፦ ቁልፉን መላክ ባይመችዎ እንኳ ሳይመሽ ይደውሉልኝ። አላገኘሁሽም እንዳይሉ ብቻ፤ የከተማውን ስልክ የማገናኘው እኔ ነኝ፣ ማንንም ፈልገው ቢያነሱት መጀመሪያ የሚሰሙት የኔን ድምፅ ነው። እስኪጨልም ከዚያ አልነሳም። ይደውሉ።