ገና በሃያ ስምንት የዋለበት ዓመት

ውድ ጋሽ በለጠ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዓይንዎ እንዴት ነው? ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንበብ እንዳስቸገረዎት ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ይህን የሚያነብልዎት ልጅዎ አረጋ መሆን አለበት። አረጋ፣ እባክህ ቀስ እያልክ አንብብላቸው። እኔን የሚያሳፍር ቦታ ስትደርስም እንዳትዘል።

ሥራ አግኝቻለሁ። ደሴ ውስጥ አንድ የሂሳብ ምርመራ ድርጅት ከቀጠረኝ ሦስት ወር ሆነኝ። አለቃዬ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ለፈተና ስቀርብ ብዙም አልጠየቁኝም። እርስዎ የሞሉልኝን የተግባር ልምምድ ምዘና ቅጽ አንብበው አንዷ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ስህተቷን ስታውቅ ወዲያው ታርማለች» ትላለች። «ይህን የጻፉ ሰው ለማሞገስ የሚቸኩሉ አይመስሉም» አሉና ቀጠሩኝ። እንጀራዬን ያገኘሁት በዚያች መስመር ነው። ችግሩ፣ ጋሽ በለጠ፣ መስመሯ እውነት አይደለችም።

በሐምሌ 2016 ከወገል ጤና ከተማ ለተግባር ልምምድ ላሊበላ ስመጣ ጓደኞቼ የደረሳቸው የደሴና የወልድያ ባንክ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች አንዲት የሂሳብ ሥራ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና እርስዎ። ሳልዋሽዎት፣ ከፍቶኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን እርሳስ ሲያስቀርጹኝ ዋሉ። ሦስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ማታ ለእናቴ ደውዬ አለቀስኩ። በኋላ ነገሩ ገባኝ። በደንበኛ ወረቀት ላይ ያልተጣራ ነገር በእርሳስ ብቻ እንዲጻፍ ይፈልጉ ነበር፤ እስክርቢቶ የሚነሳው ከተጣራ በኋላ ነው። መዝገቡን ከመክፈቴ በፊት ከባለቤቱ ጋር ተቀምጬ እንድጫወት፣ የሰው ሰነድ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ እንድይዝ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮም ምሳ ዕቃዎ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆነ። እኔ አልጠየቅኩም፣ እርስዎም አላነሱትም። በልቼ ብቻ ዝም አልኩ። ዛሬ ነው የማመሰግንዎት።

አሁን ወደ እማማ ውባንቺ ልምጣ።

ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለችው የእንግዳ ማረፊያቸው ስድስት ክፍል ብቻ ናት። ያ ዓመት እንግዳ የጠፋበት ስለነበር ትንሽ ግብር እንኳ ይከብዳቸው ነበር። እንግዶቹን የሚያመጣላቸው አስጎብኚ የላከው ዝርዝር በፈረንጅ ቀን፣ የእማማ ደረሰኞች ደግሞ በእኛ ቀን የተጻፉ ናቸው። እንዳስታርቃቸው ሰጡኝ። ቀኑን የሚመልስ ቀመር ኮምፒውተር ላይ ሠራሁና፣ ከእንግዶቹ አንዱ የመጣበትን የፈረንጅ ጃንዋሪ 7 ስመልሰው ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት ሆኖ ወጣልኝ። ደስ አለኝ፣ ቀመሬ ልክ ነው አልኩ። ከዚያ ደረሰኞቹን ሳይ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት አርባ አንዱም እንግዳው ከመምጣቱ አንድ ቀን ቀድመው የተቆረጡ ናቸው። ያልመጣ ሰው እንዴት ይከፍላል? «ደረሰኞቹ በኋላ ተቀነባብረው የተሠሩ ናቸው» ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። በእስክርቢቶ።

እርስዎም አነበቡት። ግብር ማሳወቂያው ሊዘጋ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። እርስዎ የእማማን መዝገብ አልፈርምም ካሉ ግብሩ በግምት ይጫንባቸዋል፣ ቅጣትም አለ፤ በዚያ ዓመት ይህ ማለት ቤቱን መዝጋት ነው። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው ሴትዮዋ ፊት ደግመሽ ትይዋለሽ» አሉና ጃንጥላዎን አነሱ።

እስካሁን ያልነገርኩዎት ይህን ነው። ስንደርስ እማማ ወንበር ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ፤ እርስዎ በረንዳው ጫፍ ላይ ጭቃ ከጫማዎ ይጠርጉ ነበር። ከእኔ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ከላይ በቀይ «ዘመነ ዮሐንስ» ይላል። ወዲያው ደነገጥኩ። ከዮሐንስ ዘመን በፊት ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች፤ ከዚያ እስከ የካቲት ከፈረንጁ ጋር የምናስማማው ቀን በአንድ ይለያል፣ ገናም በሃያ ስምንት ይውላል። እኔው ራሴ እናቴ ቤት በሃያ ስምንት ነው ያከበርኩት! ቀመሬ ይህን አያውቅም። ልክ መሆኔን ያረጋገጠልኝ ሃያ ዘጠኝ ራሱ ስህተቱ ነበር።

አፌን መክፈት ብቻ ይበቃኝ ነበር። አልከፈትኩም። በሁለት ወር ልምምድ በራሴ ያገኘሁት ትልቅ ነገር እሱ ነበርና አሳሳኝ። ምናልባት ማንም ላያየው ይችላል አልኩ። እማማ እንደተቀመጡ የተዘጋጀሁበትን ንግግር አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

«እኔ? ላልመጣ እንግዳ?» አሉ። ተነሥተው የደረሰኝ ቀሪዎቻቸውን የያዘውን ቆርቆሮ አመጡ፤ ክዳኑን በጥፍራቸው ታግለው ከፈቱት። እኔ እያወቅኩ ያንን እጅ አየሁ። ቀሪዎቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጡ ቆይተው ቀና አሉ።

«አንች ልጅ፣ ያለፈውን ገና በስንት አከበርሽ?»

«በሃያ ስምንት» አልኩ።

እርስዎ ግንባርዎን በመዳፍዎ መቱ። «ዮሐንስ! ዮሐንስ ነው እኮ!» ከዚያ ቆመው ባርኔጣዎን አወለቁ። «ውባንቺ፣ ይቅር በይኝ። ልጅቱ ትማራለች፣ ጥፋቱ ሳላጣራ ይዣት የመጣሁት የኔ ነው።» አንድም ቃል ወደ እኔ አልዞረም። ቢሮ ተመልሰን አርባ አንዱን መስመር እስኪመሽ አረምኩ፤ እርስዎም በማግስቱ ያችን መስመር ጻፉልኝ።

አንድ ሰው ግን ያውቅ ነበር። ስንወጣ እርስዎ ቀድመው ሲወርዱ እማማ ክንዴን ያዙኝ። «ወንበር ይዤ ስመጣ ግድግዳውን ስታይ አይቸሻለሁ። ፊትሽ እንደ በርበሬ ቀላ» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «ለሱ እኔ አልነግረውም። አንች ትነግሪዋለሽ» ብለው ለቀቁኝ። እስከ ዛሬ ምንም አላሉዎትም አይደል? ከእርስዎ ጋር በየሳምንቱ ገበያ እየተገናኙ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቁኝ።

ጋሽ በለጠ፣ ወዲያው አላረምኩም። ስታውቅ ዝም ያለች ልጅ ነኝ። ከቅጹ ላይ መስመሯ ትሰረዝ ካሉ ለወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ይጻፉላቸው፤ አድራሻቸውን ከታች አስፍሬዋለሁ። የሚፈርዱትን ሁሉ ያለ ቅሬታ እቀበላለሁ። የምሳ ዕቃውን፣ የጃንጥላውን፣ በእኔ ፈንታ የወለቀውን ባርኔጣ ግን ምንም ቢፈርዱ አልረሳም።

በ2020 ገና እንደገና በሃያ ስምንት ይውላል። እማማ ዘንድ አንዲት ክፍል እንዲይዙልኝ ልኬባቸዋለሁ፤ ከፈቀዱልኝ እርስዎን ክንድዎን ይዤ ቤተ ክርስቲያን አደርስዎታለሁ።

አረጋ፣ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጋላቸው። ፊደሉን ባይለዩት እንኳ ቀለሙን ይዩልኝ፤ በእስክርቢቶ ነው።

ልጅዎ፣
ቃለሕይወት
ደሴ፣ ጥር 2018