የማሂ ጉብታና የቂርቆስ ጥላ

ዓርብ፣ ጥር 8

ካዛንቺስ ሱቃችን ዛሬም መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ። ደብተሬ ሆይ፣ እጄ መኪናው ላይ፣ ልቤ ማሂ ጋ። ልጄ የማስተርስ ጽሑፏን አልጨረሰችም። ስለ ጨለማ ቁስ ነው። እራት ላይ አስረዳችኝ፦ አይታይም፤ ቅንጣቱ ከመቅለሉ የተነሳ እንደ ሞገድ ነው። ጋላክሲ መሃል ተከማችቶ ጉብታ ይሠራል፣ ሶሊተን ይሉታል። ስበቱ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፣ ሞገድነቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስለተመጣጠኑ አይበተንም። እሱ ካለ፣ መሃል ያሉት ከዋክብት ፈጠን ብለው ይዞራሉ። እሷ ያንን ፍጥነት ነው የምትፈልገው። ገባኝ። ማለቴ፣ እስከዚያ ድረስ።

ክረምቱን ሙሉ እህል አልቀምስ ብላ ስትከሳ ጊዜ ለቂርቆስ ተሳልኩ፦ ልጄ ጉብታውን ካገኘች ለንግሥህ ጥላ በእጄ ሰፍቼ አስገባለሁ። ንግሡ የዛሬ ሳምንት ነው። ከፈዩን ቆርጬ ጀምሬያለሁ። ቸኮልኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ማታ

ጉብታው የለም።

ማሂ እየሮጠች ገባች። ባየቻቸው ጋላክሲዎች ውስጥ ከዋክብቱ ሂሳቧ እንደሚለው አይዞሩም። አይዞሽ ልል ስል አቅፋኝ ሳቀች። የለም ማለትም ውጤት ነው አለች፤ ያን ያህል ቀላል ቅንጣት ከሌለ ሌላ ይፈለጋል። አማካሪዋ ወደውላታል። በላች። ተኛች።

አሁን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ስለቱ ካገኘች ነበር! የጥላው ዘርፍ ብቻ ነው የቀረኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

አጠገቤ የምትሰፋው ዘይነባ ስነግራት በሳቅ ሞተች። በመጨረሻ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፦ «የተሳልሽው ለጉብታው ነው ለልጅሽ?»

መርፌዬን ሰክቼ ተነሳሁ።

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ነገሩን ደጋግመው አስነገሩኝ፣ ምስኪን። ካልተገኘ አልታሰርሽም፣ በሰላም ሂጂ አሉኝ። በቃ፣ ነፃ ነኝ። ታዲያ ለምን ሰላም አጣሁ?

ማሂ ደግሞ ጥላውን አየችው። ፊቷ ጠቆረ። ሰፈሩ ሁሉ ስለቱን ያውቃል፣ ጥላው ሲገባ ሰው አገኘች ሊል ነው። «እማ፣ ያላገኘሁትን አገኘች እንዳታሰኚኝ።»

ሐሙስ፣ ጥር 14

ከሜክሲኮ አደባባይ ዘርፍ ገዝቼ ሰፋሁ። አለቀ። ማሂ ክፍሏ ሆና እያፏጨች ትጽፋለች። ምሳዋን ጠርጋ በልታለች።

ነገ ጥላውን ይዤ እሄዳለሁ። ስለምን ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ልጄ ፈልጋ ፈልጋ አጣችው እላለሁ። ከዚያ ቀድሜ እልል የምለው እኔ ነኝ።