ከአስፋልቱ ሥር ያለው ባዶ

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ማታ
ዛሬም ከኮልፌ ገበያ ጀምሬ፣ ከመንገድ ሥር ያለውን የሚያሳየውን ራዳር በጋሪው ስገፋ ዋልኩ። ጋሪው ጭቃ በጭቃ፣ እኔም እንደዚያው። ምን እንደምሸጥ የሚጠይቀኝ አልጠፋም።
ግን ስማኝ ማስታወሻዬ። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ ስክሪኑ ላይ ጉድ አየሁ። ከአስፋልቱ ሥር አፈር መኖር ያለበት ቦታ ባዶ ይመስላል። ላዩ ግን አንድ ስንጥቅ የለውም። የተሳፋሪው ወረፋ ደግሞ እዚያው ላይ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3
ምስሉን ለአለቃዬ ለኢ/ር ታደሰ አሳየኋቸው። የኮልፌ አፈር ውሃ ሲጠጣ ራዳር ያሳስታል አሉኝ። እውነት ነው፣ ያሳስታል። ግን እንዲህ አይደለም። ተከራከርኩ። አንድ ቦታ ብቻ እንድበሳ ፈቀዱ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4። ከሰዓት
ውርደት። ተራ አስከባሪው ደረጀ እያጉረመረመ ወረፋውን አዛወረልኝ። ራዳሩ በመዘገበው ርቀት ለክተን በሳን። ድፍን አፈር። ደረጀ ሕዝቡን በከንቱ እንዳንከራተትኩ ለሾፌሮቹ ሲያወራ ሰማሁ። ወረፋው ተመለሰ። ምሳም አልበላሁ።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት
ገባኝ። ጋሪውን ሳጥብ አየሁት፦ ርቀት የሚቆጥረው ጎማ ላይ ጭቃ ተጋግሯል። ሳይዞር ተንሸራቷል፣ የሄድኩትን አሳንሶ ቆጥሯል። ባዶው ከበሳንበት ወደፊት ነው! ለኢ/ር ታደሰ ደወልኩ። ለመንኳቸው። ቦታው አሁኑኑ ይከለል አሉ፤ ነገ ራሳቸው ይመጣሉ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5
ጎማውን አጽድቼ እንደገና ገፋሁ። ምስሉ መጣ። በሳን። መሰርሰሪያው አስፋልቱን እንዳለፈ ወደ ውስጥ ሸርተት አለ። ከሥሩ ምንም የለም። ባትሪ አበራን። የፈነዳ የውሃ ቱቦ አፈሩን ጠርጎ ወስዶታል፤ ሚኒባስ የሚውጥ ዋሻ። ደረጀ ተንበርክኮ አየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።
«እህቴ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የምቆመው እዚህ ላይ ነው» አለኝ።
ከዚያ ማንም ሳያዘው መሀል መንገድ ገብቶ መኪኖቹን ይመልስ ጀመር። እኔ ሳቅም እንባም መጣብኝ። አላፈርኩም።

ዓርብ፣ ሰኔ 6
ቁፋሮው ተጀመረ፣ ቱቦው ይቀየራል። ማንም አልተጎዳም። ማንም! ኢ/ር ታደሰ ስብሰባ ላይ ጠርተው ምስሉን እንዳስረዳ አደረጉኝ። ስጨርስ በሁሉም ፊት «ቀጥሎ የት ነው የምንፈትሸው?» አሉኝ። እኔን።
ከኮልፌ እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ አልኩ። ሳይጠይቁኝ ሳንሱሲ ሰፈርንም ጨመርኩ። ክረምቱ ሳይጠነክር፣ ሰው ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅበትን ቦታ ሁሉ። ሰኞ እጀምራለሁ።
ኧረ ለምን ሰኞ? ነገ።