ያልተረገጠው ባና

ማክሰኞ

ጨረስኩት። አራቱንም ጎን። የመጨረሻውን ክር በጥርሴ ስበጥስ ጽጌ ነቃች። አንስቼ እያጠባኋት በተረፈው እጄ ባናውን አልጋው ላይ ዘርግቼ አየሁት። ራስን ማመስገን ነውር ነው ትላለች እናቴ። ዛሬ ነውር ሠራሁ።

ቡናማ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ዙሪያውን ነጭ ዳንቴል። ደጋና ቆላ ተጋብተው አልጋዬ ላይ ተኝተዋል። እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፣ ጥጥ ስንፈትል ያደግን። ታምሩ ደግሞ የዚሁ የዘመሮ ሰው ነው፣ ከበግ ጋር ያደገ። ጽጌ የሁለታችንም ናትና ባናዋም እንዲሁ ይሁን ብዬ ነው።

ባናውን የሠሩት የታምሩ አባት፣ አባባ ሽፈራው ናቸው። በዚህ አገር ባና ከተነሣ እሳቸው ሳይነሡ አይቀሩም ይሉኛል። እኔ ግን አግብቼ እዚህ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሽመና ዕቃውን ጠቅልለው ቆጥ ላይ ሰቅለውታል። ጽጌ ስትወለድ አወረዱት። "ለእሷ አንዲት ባና ልሥራላት፣ ከዚያ በቃኝ" አሉ። ፀጉሩን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ፈተለች። እሳቸው ክረምቱን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሠሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክር ሲበጠስ በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚፈልጉት። ልርዳዎት ስላቸው "አንቺ አራስ ነሽ፣ ተኚ" ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ከዕቃው አውርደው ሰጡኝና "ለዳንቴልሽ ለኪው" ብለው ቀየት የምትኖረውን እህታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ለኪው ነው ያሉኝ። እኔ ደግሞ ለክቼ የምቆም ሰው አይደለሁም። ዳንቴሉን ጽጌ ሆዴ ውስጥ ሳለች ጀምሬ፣ በአራስ ቤት እሷን እንቅልፍ ሲወስዳት ኪሮሼን እያነሣሁ የጨረስኩት ነው። ሳይመለሱ ሰፍቼ ላስደንቃቸው ብዬ ተጣደፍኩ።

እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው፣ ክርስትና። የቀረኝ ነገር ብዙ ነው። የእሷ ነጭ ቀሚስ ይታጠብ (በዚህ ጉም መቼ እንደሚደርቅ እንጃ)። ለክርስትና እናቷ መልእክት ይላክ። የእኔ ነጠላ ጥለቱ ተተርትሯል፣ ይሰፋ። ፀጉሬን ማን ይሠራኛል?

ረቡዕ

አባባ መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። እግራቸውን ታጥበው እሳት ዳር እስኪቀመጡ መታገሥ አልቻልኩም፣ ባናውን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁላቸው።

ብዙ ጊዜ ዳበሱት። መጀመሪያ ዳንቴሉን፣ ከዚያ መሐሉን፣ ከዚያ ደግሞ ስፌቱን።

"አጥብቀሽ ነው የሰፋሽው?" አሉኝ።

"ቢጎትቱትም አይላቀቅ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ደግ። እጅሽ ይባረክ።"

ይኸው ነው። ምረቃው ምረቃ ነው፣ ግን አጠረብኝ። እራት ላይ አንድ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። መንገዱ አድክሟቸው ነው አልኩ። ታምሩን ባየው እሱም አንገቱን ደፍቷል።

ስንት ነገር አሰብኩ። ዳንቴሉ በዛ? የሶፋ ልብስ አስመሰልኩባቸው ይሆን? እኔ ቤት ስገባ ሬዲዮናቸውን እንኳ ዳንቴል አልብሼዋለሁ፣ ያኔ ስቀው ነበር።

ሐሙስ

አወቅሁ። ምነው ባላወቅሁ አልልም፣ ግን አንጀቴ አርሯል።

እትዬ ዘነበች ሥራዬን ልትመርቅ መጣች። ባናውን አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ብርሃኑ በመሐሉ ያልፋል።

"ልጄ፣ ይሄን ሳይረገጥ ነው የሰፋሽው?"

"ምን ሳይረገጥ?"

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ባና ከዕቃው ሲወርድ ገና ወንፊት ነው። በሙቅ ውሃ ይነከርና በእግር ይረገጣል፤ ያኔ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይጠብቃል፣ መጠኑም ያንሳል። ብርድና ዝናብ የማያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ዳንቴሉን እንደያዘ ቢረገጥ ባናው ያንሳል፣ የኔ ጥጥ ግን አያንስም። ዙሪያው እንደ ጥቅል ጎመን ተኮማትሮ ይቀራል። እኛ አገር ጥጥ ይታጠባል፣ ይለበሳል፣ አለቀ። ጨርቅ የሚረገጥበት አገር መኖሩን ማን ነገረኝ!

"ሳይረገጥ ቢቀርስ?" አልኳት።

"እሱማ ይቀራል። ግን እሑድ ሴቱ ሁሉ በጁ ሳይዳብስ አያልፍም። ሽፈራው አረጀ፣ መርገጡን እንኳ ረሳው ይላል።" ይህን ብላ ደግሞ ደነገጠች። "ወይኔ፣ አራስ ነሽ ለካ። አልተናገርኩም በዪ።"

የመጨረሻ ሥራቸው ነው። በዚህ ሥራ ነው አገሩ እሳቸውን የሚሰናበታቸው።

ታምሩ ከአናጢነቱ ሲመለስ በር ላይ ያዝኩት። ያውቃል። ትናንት ማታ እኔ ጽጌን ሳስተኛ ተነጋግረዋል። "አባባ ዝም በል አሉኝ" አለ። "አራስ ሊከፋት አይገባም፣ ወተቷ ይደርቃል፤ የኔ ባና ለአንድ ቀን ቢታማ ምን ይሆናል አሉ።"

እኔ እንቁላል ነኝ? አራስ ቤት ክፉ ወሬ እንደማይገባ አውቃለሁ፣ እኛም አገር ያው ነው። ግን ሰማንያ ቀን ሙሉ ስንቱን ነገር ደብቀውኝ ይሆን? ያቺ ጥቁር በግ የት እንደሄደች ስጠይቅ ለምንድነው ሁለቱም በአንድ አፍ "ጓሳ ግጦሽ ላይ ናት" ያሉኝ?

በንዴት ማልቀስ ጀመርኩ፣ ስጨርሰው ግን ንዴት አልነበረም። ሽማግሌው ሰው የዕድሜ ልክ ስማቸውን ለኔ ወተት ሊሰጡ ነበር። የገዛ አባቴ እንዲህ አድርጎ የወደደኝ አይመስለኝም። ነገ ስፌቱን እፈታዋለሁ።

ዓርብ

ጠዋት ምላጭ ይዤ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አባባ ከውዳሴ ማርያም ሲመለሱ አዩኝ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየፈታሁት ነው።"

"ዘነበች ምላሷን አትሰበስብም! ተይው ልጄ። ሰው የሚያየው ዳንቴሉን ነው፣ ዓይን ይሞላል።"

"ጽጌን በዓይን አይሞቃትም አባባ።"

ሳቅ አመለጣቸው፣ እሱንም በጋቢያቸው ሸፈኑት። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው ጨርቁን ወጥረው ያዙልኝ። እኔ ስፌቱን በምላጭ ጫፍ እያነሣሁ ስቆርጥ እሳቸው የተቆረጠውን ክር በጣታቸው እየለቀሙ ነበር። አጥብቄ ነው የሰፋሁት ስል የተኩራራሁበትን ምላስ ዛሬ ረገምኩት። አንድ ቦታ ምላጩ ሸሸና ባናውን ነካው። ቆሌዬ ተገፈፈ። ጣታቸውን አሳርፈው "ደህና ነው፣ ሲረገጥ ይድናል" አሉ። የሚድን ጨርቅ መኖሩን ዛሬ ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ረገጡት። ታምሩና የእትዬ ዘነበች ባል ጥላሁን ግራና ቀኝ፣ አባባ መሐል፣ ሦስቱም አግዳሚ ላይ ተቀምጠው። ከፊታቸው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ባናው። እትዬ ዘነበች ሙቅ ውሃ ታፈሳለች። እኔ እንድጠጋ አልተፈቀደልኝም፣ ብርድ ይመታሻል ተባልኩ፤ ጽጌን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ቤቱ ዝናብ የመታው በግ በግ ይሸታል።

አባባ ወደ ታች አያዩም። በውስጥ እግራቸው ነው የሚያነቡት። "ታምሩ፣ ያንተ ጎን ገና ነው።" "ጥላሁን፣ ቀስ በል፣ እርሻ አይደለም።" ቤት ውስጥ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ዛሬ ግን ያዝዙ ነበር። ፊታቸው ወዝቶ፣ ሱሪያቸው ተሰብስቦ፣ ልጅ መሰሉኝ። ዕቃውን ካወረዱ ጀምሮ እንዲህ ሲደሰቱ አላየሁም። በኔ ችኮላ ምክንያት ይህቺን ሰዓት ሊያጧት እንደነበር ሳስብ ጽጌን ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት፣ አለቀሰችብኝ።

ሲነሣ ከስንዝር በላይ አንሷል። እጄን ከስሩ አስገብቼ ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። ምንም አያሳልፍም።

ቅዳሜ

አልደረቀም። ዳንቴሉ እርጥብ ላይ አይሰፋም፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ነገ ክርስትና ነው።

ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። እሳት ላይ እንስቀለው አልኩ፣ አባባ ጭስ ይጠጣል አሉ። ታምሩ በካውያ እንተኩሰው አለ፣ መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የከሰሉን ካውያ ሳነሣ አባባ ከእጄ ቀሙኝ፤ ያልደረቀ የበግ ፀጉር በከሰል ካውያ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም፣ እሳቸው ግን ያወቁ ይመስላሉ።

የዳንቴሉን ነገር ግን ተወጣሁት። ባናው ሲያንስ ዳንቴሉ ተረፈ። ዳንቴል ደግሞ በመቀስ አይቆረጥም፣ ተተርትሮ ያልቃል። ደግነቱ የሠራሁት ለቁመቱ ነው፣ እንደ ጥብጣብ፤ የጨረስኩበትን ጫፍ ስስበው ወደ ኋላ ይፈታል። እየለካሁ ፈታሁ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ቋጠርኩት። ብዙ ሌሊት የለፋሁበት አበባ ሁሉ ተመልሶ ድውር ክር ሆነ። ትንሽ አንጀቴን በላኝ። ትንሽ ብቻ።

እትዬ ዘነበች ፀጉሬን ሠራችኝ። እየሠራችኝ ስለ ጥቁሯ በግ ጠየቅኋት። ጆሮዋ ደነቆረ።

ባናውን ሳይደርቅ ትቼው ልተኛ ነው። አባባ "ይደርቃል፣ አንቺ ተኚ" አሉ። በምን ይደርቃል?

እሑድ

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እንግዳው ሄዷል። ሳልረሳው ልጻፍ።

ጽጌን ላጠባ ስነሣ ገና አልነጋም። አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ባናውን ራቁት ገላቸው ላይ ጠምጥመው፣ ከላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያንቀላፋሉ። ማታ ሁላችንም ስንተኛ እርጥቡን ለብሰውት ነው ያደሩት። በገላቸው ሙቀት አድርቀውታል።

ልቆጣ ፈለግኩ። በነሐሴ ብርድ፣ በዚህ ዕድሜ! ግን እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። ነቅተው አዩኝና ባናውን ፈትተው ጭኔ ላይ አኖሩት። ደረቅ ነው። ይሞቃል። "ስፊው እንጂ፣ ምን ታፈጥጫለሽ" አሉ።

አራቱን ጎን አላደረስኩም፣ ደወል ተደወለ። አንዱን ጎን ብቻ፣ በፊቷ በኩል የሚሆነውን ሰፋሁ። ሌላውን ዳንቴል ጠቅልዬ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩ።

ጽጌ ተጠመቀች። ወለተ ማርያም ተባለች። ውሃው ሲነካት መላ መንዝ የሚሰማውን ጩኸት ጮኸች። ከዚያ የክርስትና እናቷ በባናው ስትጠቀልላት ወዲያው ዝም አለች። እኔም ከሰማንያ ቀን በኋላ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፣ የመቅደሱን መጋረጃ ሳየው ዓይኔን እንባ ሞላው።

ሴቶቹ እትዬ ዘነበች እንዳለችው ሁሉም ዳበሱት። "ዳንቴሉ አላለቀም እንዴ?" ያሉ አሉ፣ ይበሉ። የአባባ የዕድሜ እኩያ የሆኑ አንድ ሸማኔም መጡ። የባናውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው አሽተው፣ ወደ ሰማይ አንስተው አዩት። ወደ አባባ ዞረው "አልተውከውም ለካ" አሏቸው። አባባ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ወደ ቤት ስንመጣ ግን ከሁላችን ፊት ፊት ይሄዱ ነበር።

ማምሻውን ሁለት ጊዜ አሳላቸው። ደነገጥኩ። ሚጥሚጣ ነው አሉ። አላመንኳቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ የሆዴን ነገርኳቸው፦

"አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ አራስ አይደለሁም። ከእንግዲህ የሚያስከፋኝ ነገር ካለ አይደብቁኝ። ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ።"

አሰቡበት። እሳቱን አዩ፣ ታምሩን አዩ።

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"ጥቁሯን በግ ጅብ በልቷታል።"

"ገምቻለሁ" አልኩ።

"ወጥሽ ደግሞ ጨው ይበዛዋል።"

"የዛሬው?"

"የሁለት ዓመቱ። የቆላ ሰው ጨው ይወዳል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ወደ ታምሩ ዞርኩ። ጣሪያውን እያየ ነው። ይኸው እስካሁን ዓይኑ እዚያው ጣሪያው ላይ ነው፣ አባባ ግን እፎይ ብለው ተኝተዋል፤ ሳልም አልሰማሁም። እኔ ቁጭ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ያበላኋቸውን ወጥ አንድ በአንድ እያስታወስኩ ነው።