የአባባ ምላስ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ጨጓራህ ተሻለህ ወይ? እዚያ ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ወፍራሙን ሹራብ መልበስህን ሳላውቅ ደብዳቤ መጀመር ከበደኝ። ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? ፎቶግራፏን መስታወቱ ጥግ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር ከእኔ ጎን ሆና ትስቅብኛለች። እኔ ደህና ነኝ። አባባም በአካል ደህና ናቸው። «በአካል» ማለቴን ልብ በልልኝ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ክው ብዬ እንደቀረሁ ነኝ። ሰው ሲያናግረኝ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ግን ራሴን ከሩቅ የማየው ይመስለኛል። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የተለወጠውን በቅጡ አልነገርኩህም። የምንሠራበት ትምባሆ ቤት ሽማግሌ ባለቤት አረፉና ቤቱ በአማቻቸው እጅ ገባ። ሠራተኛው «አቶ ይቅርታ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ክፉ ነገር ሊናገር ሲል በይቅርታ ስለሚጀምር ነው። «ይቅርታ፣ ከሰኞ ጀምሮ የሻይ እረፍት የለም።» «ይቅርታ፣ አንቺ ከነገ ወዲያ አትምጪ።» እኔ እንደምታውቀው እማዬ ከሞተች ጀምሮ በወንበሯ ተቀምጬ ቆርቆሮዎቹ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። አባባ በቅይጡ ክፍል ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ቀማሚው» ሲባሉ ኖረዋል፤ ፒፓ የሚያጨስ ሁሉ የእሳቸውን ጠንካራ ቅይጥ ያውቀዋል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ቅሬታ ይመጣ ጀመር። «ጠንካራው እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዴ ጉሮሮ ይቆርጣል፣ አንዴ ውሃ ውሃ ይላል» እያሉ ደንበኞች ጻፉ። አባባ በዘመኑ ቅጠል አሳበቡ። አቶ ይቅርታ ዝም አለ። ዝምታው አልጣመኝም ነበር።

ያን ማክሰኞ ሁለት ገዢዎች ይዞ መጣ፤ አንድ ረጅም ሰውዬና በዕድሜ ከእሱ የምትበልጥ ሴት። እኛን ሁላችንንም ወደ ቅይጡ ክፍል ጠራን። ከዚያ አባባን፣ «ይቅርታ አባት፣ እንግዶቻችን ስለ ምላስዎ ብዙ ሰምተዋል። ዓይንዎን ሸፍነው ቅጠሉን በጣዕሙ ብቻ ቢለዩልን ደስ ይላቸዋል» አላቸው።

አባባ ቅጠል በዓይናቸውም በጣታቸውም ሲለዩ አይተሃል። ጨለማ ውስጥ ዳብሰው የየትኛው ማሳ እንደሆነ ይነግሩሃል። ፊታቸው ለምን አመድ እንደመሰለ አልገባኝም። እንዲያውም ኮርቼ ነበር፤ አሁን ያሳዩታል ብዬ። መሐረቡን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ወንድምዓለም፣ በገዛ እጄ።

አቶ ይቅርታ የመጀመሪያውን ፒፓ በጥቁሩ ቅጠል ብቻ ሞላው። በእንጨት ጭስ ደርቆ ሁለት ዓመት ተጭኖ የሚቆየው ነው፤ ከአሥር አንድ እጅ ቢገባ ነው እንጂ ብቻውን ሰው አያጨሰውም። ለኮሰላቸው። ሴትየዋ ከክፍሉ ወዲያ ጫፍ ሆና አሳላት። አባባ ግን ረጋ ብለው ሳቡት፣ ጭሱን አፋቸው ውስጥ ያዝ አድርገው በአፍንጫቸው ለቀቁት፣ ያችን የምናውቃትን ፈገግታ ፈገግ አሉና፣ «ለስላሳ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጨስ። መጨረሻው ላይ ማር ማር ይላል» አሉ።

ረጅሙ ሰውዬ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ዳዳው። አቶ ይቅርታ ሁለተኛውን ፒፓ አነሣና ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጣሳ ከፈተ። ሻይ ቅጠል! እኛ አፍልተን የምንጠጣውን ሻይ ቅጠል ጠቅጥቆ ሞላው። አፌን ልከፍት ስል ጣቱን አነሣብኝ። እና ዝም አልኩ፤ ለምን ዝም እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባባ ሳቡት። ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው፣ «ይሄ ነው ጠንካራው። ይሄማ የእኔ ነው፤ በእጄ የሠራሁት» አሉ።

ሰውዬው ሳቀ፤ ሳቁን ግን ግማሽ ላይ ቆረጠው። ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ የጥቁሩ ቅጠል ኃይል ዘግይቶ አባባን ያዛቸው፤ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆነ፣ ስቅታ ጀመራቸው። እየደጋገመ «ህቅ» ሲያደርጋቸው መሐረቡን ፈቱ። የተከፈተውን የሻይ ጣሳ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። መሐረቡን አራት አድርገው አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «ይበቃል» ብለው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

እትዬ ሚዛንን አትረሳቸውም፤ ቅጠል የሚመዝኑት፣ ልጆች ሳለን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው «ይሄ ልጅ ከቅጠሉ ይቀላል» እያሉ የሚስቁብን። እሳቸው ናቸው ደረታቸውን ደቅተው፣ «ምን ትፈልጋላችሁ ከሰውዬው! ምላሱ ከተቀበረች እኮ አራት ዓመቷ ነው!» ብለው የጮሁት።

አራት ዓመት። የዛሬ አራት ዓመት ማንን እንደቀበርን እኔና አንተ እናውቃለን።

እትዬ ሚዛን ክንዴን ይዘው ከቅጠል ማድረቂያው ጀርባ ወሰዱኝ፤ ሁልጊዜ ተቆልፎ ወደሚውለውና እኛ መጥረጊያ ማስቀመጫ ነው ወደምንለው ክፍል። ቁልፉን ከጡታቸው ሥር አወጡ። ውስጡ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠባብ መስኮት፣ ለስኳር ውሃ የሚሆን ብርጭቆ፣ አንድ ትንሽ ፒፓና አሥራ አንድ ደብተር አለ። የፒፓው አፍ ላይ ጥርስ የፈጠረው ጎድጓዳ ነበር፤ የወንድ ጥርስ አይደለም። ደብተሩን ስገልጥ የእማዬን እጅ ጽሕፈት አየሁ፤ ያቺን ወደ ግራ ዘመም የምትለዋን። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

እንዲህ ይላል አንዱ ገጽ፦ «ጥቁሩ ሁለት እጅ ሲሆን ምላስ ጫፍ ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ የተቃጠለ እንጨት። በጣም ጠንካራ፤ ተነሥቼ መቆም አቃተኝ። አንድ እጅ ይቀነስ።» ሌላው ደግሞ፦ «ዛሬ አራት ፒፓ። አስመለሰኝ። ልጆቹን ጨጓራዬ ነው አልኳቸው።»

እማዬ! አንተ ኪስ ውስጥ አንዲት ሲጋራ አግኝታ በጥፊ ያጠናገረችህ፣ አባባን ቤት ውስጥ ክብሪት እንኳ የማታስጭር እማዬ! ከሥራ ስትገባ ልብሷን ውጭ አስጥታ ፀጉሯን የምትታጠበው ለምን ነበር? «የአባታችሁ ጭስ ላዬ ላይ ቀረ» ትለን አልነበር? እኛም አመንናት። አንተም በዚያው እምነት ነው በቀብሯ ማግስት አባባ ፊት ቆመህ፣ «እናቴን የገደላት የእርስዎ ጭስ ነው» ብለህ በሩን ዘግተህ የሄድከው። ከጎንህ ቆሜ ነበር። እኔም በልቤ እንደዚያው እል እንደነበር አልደብቅህም።

ደብተሮቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤት ስገባ አባባ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ደብተሮቹን ከፊታቸው አኖርኩ። አልደነገጡም፤ ሸክም ያወረዱ ነው የመሰሉት። «ምን ልንገርሽ?» አሉኝ። «ሁሉንም» አልኳቸው።

አንተ ሦስት ዓመትህ ሳለ ማድረቂያው ተቃጥሎ ነበር አሉ። አባባ ጭሱ ውስጥ ገብተው ሁለት ሰው አወጡ። ከዚያ ወዲያ አፍንጫቸውም ምላሳቸውም አልተመለሰም፤ ሎሚና ውሃ አንድ ሆነባቸው። ቀማሚ ካልሆኑ ደግሞ ይህ የምንኖርበት ቤት የትምባሆ ቤቱ ስለሆነ ለቅቀው ይወጣሉ። እማዬ እኔን ወልዳ እንደተነሣች፣ «አንተ ቀምም፣ እኔ እቀምሳለሁ» አለቻቸው። «ለጥቂት ጊዜ መስሎን ነበር» አሉኝ አባባ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። እሷ ስትሞት ደብተሮቹን እያዩ በሚዛን ብቻ መቀየጥ ጀመሩ፤ ቅጠሉ ግን በየዓመቱ ይለያያል፣ ደብተር ደግሞ የዘንድሮን አያውቅም።

የመጨረሻውን ደብተር የመጨረሻ ገጽ ራሳቸው ገልጠው አሳዩኝ። «ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ሐኪም ቤት ብሄድ ማጨስ ተዪ ይለኛል። የክረምቱ ትእዛዝ ይለቅና እሄዳለሁ። ለእሱ አልነገርኩትም» ይላል። የተጻፈው ታማ ከመተኛቷ ከሰባት ወር በፊት ነው። «ይቺን ገጽ ያየኋት ከቀበርናት በኋላ ነው» አሉና ደብተሩን ዘጉት።

«ታዲያ ልጅዎ ያን ሁሉ ሲልዎ ለምን ዝም አሉ? አንዲት ቃል ቢናገሩ እኮ አይሄድም ነበር!» ብዬ ጮህኩባቸው። አባባ ላይ ጮህኩ፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው ግን፣ «ልጆቼ ፒፓ ታጨስ ነበር ብለው እንዳያስታውሱኝ ብላ አደራ ሰጥታኛለች» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ደግሞስ ልጄ የተሳሳተው ፒፓውን ማን እንደያዘው ብቻ እኮ ነው» አሉኝ።

ይህን ስሰማ የሆንኩትን ልጽፍልህ አልችልም። ተቃቅፈን አላለቀስንም። ጫማቸውን ፈታሁላቸው፣ ያን ብቻ።

በማግስቱ አቶ ይቅርታ ቤት ድረስ መጣ። «ይቅርታ» አለና ቀጥሎ የሚለው ጠፋው፤ ሠራተኛው ቢያየው ዓመት ሙሉ ይስቅበት ነበር። በኋላ እየተንተባተበ፣ ሴትየዋ ገዢ ጠንካራውን ቅይጥ ልክ እንደ ድሮው ከተሠራ ብቻ እንደምትወስድ፣ ካልሆነ ግን የቅይጡ ክፍል እንደሚዘጋ ተናገረ። አሥራ አራት ሰው ነው እዚያ ያለው፤ እትዬ ሚዛንን ጨምሮ። አባባ፣ «እኔ ቀማሽ የለኝም፤ ዝጉት» አሉ። እኔ ውሃ እያቀረብኩ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ለማንኛውም፣ የቅይጡ ክፍል አልተዘጋም። ትእዛዙም ትናንት ተጫነ፤ ሴትየዋ ናሙናውን አጭሳ «ይኸው እሱ ራሱ!» ብላለች አሉ። አባባ ምላሳቸው አልተመለሰም። ሲቀይጡ ውለው ትንሿ ክፍል ደጃፍ ላይ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይቆማሉ። አይገቡም። የዘንድሮው ጥቁር ከእማዬ ጊዜው ትንሽ ይለያል፤ ቁንዶ በርበሬው ምላስ ጫፍ ላይ ሳይሆን ጎንና ጎኑ ላይ ነው የሚጀምረው፣ በአፍንጫ ሲወጣ ደግሞ ዝናብ የመታው ከሰል ከሰል ይላል። አንድ እጅ እንኳ ይበዛበታል፤ ከአንድ እጅ ትንሽ ጎደል ሲል ነው ልኩ። ከሁለተኛው ፒፓ በኋላ ስኳር ውሃና ደረቅ ዳቦ ካልያዙ ግድግዳው ይዞራል። አሥራ ሁለተኛ ደብተር ገዝቻለሁ።

ወንድምዓለም፣ አባባን ይቅርታ ጠይቅ ብዬ አላዝህም፤ ታላቄ ነህ። ግን ና። እየመጣሁ ነው ብለህ አትጻፍላቸው፤ በጉጉት እንቅልፍ ያጣሉ። ዝም ብለህ ና፣ ትንሿንም ይዘሃት ና፣ አያቷን ትይ። ቶሎ ና የምልህም ለእሳቸው ስል ብቻ አይደለም።

ፈጣሪ ደጅህን ከክፉ ይጠብቅልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ ልጅህንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ባለቤትህን፣ ትንሿን ስሚልኝ በላት።

ታናሽ እህትህ