በሪባን ስለታሰረው በር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ሴቶች ልጆችዎ፣ በፍጹም ጤንነት እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሪስፓ አውዎር እባላለሁ፤ ባለፈው ወር በሆስፒታልዎ ወልዳ በዚያው ቀን የሞተችው የአዶዮ እናት ነኝ። ጽሕፈት ስለማይቀናኝ ደብዳቤው ዘግይቷል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የልጄ ደም በመድኃኒት አልቆም ሲል ዶክተር ኦቹካ ሳይደብቅ ስላስረዳኝ አመሰግናለሁ። «እማማ፣ ሆዷን ሳልከፍት በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቼ፣ በስክሪን እያየሁ፣ የሚደማውን የደም ሥር እደፍነዋለሁ። መሣሪያው እዚሁ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው» አለኝ። ሥራውን ናይሮቢ ሁለት ዓመት ተምሮታል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ስላስመጡልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

፪. የመሣሪያው ክፍል በር ተቆልፎ ቀይ ሪባን ታስሮበት ነበር። የአውራጃችን ገዥ መጥተው እስኪመርቁት ማንም እንዳይገባ እርስዎ ማዘዝዎን ቁልፉን የያዙት የጽሕፈት ቤትዎ ኃላፊ አቶ ኦሙጋ ነገሩን። ዶክተሩ «ቆርጬ ልግባ፣ ስጨርስ ራሴ መልሼ አስረዋለሁ» ቢላቸው፣ «አንተ ከቆረጥከው ገዥው መጥተው ምን ሊቆርጡ ነው?» አሉት። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የሚከፍቱት መስሎኝ ነበር።

፫. እርስዎን በስልክ ለማግኘት ለአንድ ሰዓት ከሩብ ተሞከረ፤ አልተገኙም። ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባውም ስለ ምረቃው ድንኳን እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ዶክተሩ ከዚያ በላይ መጠበቅ ስላልቻለ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዳት፤ ሆዷን ከፍቶ ማህፀኗን አወጣ። ደሟ ግን ቀድሞ አልቆ ነበር። ሲወጣ «እማማ፣ ዘገየን» ብቻ አለኝ። እርሱን አልከስም።

፬. ገዥው ሥራ በዝቶባቸው ምረቃውን ሁለት ጊዜ እንዳስተላለፉት ሰምቻለሁ። ለእርሳቸው ያለዎትን ትዕግሥት አደንቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ወሊድ ክፍል ገብቼ ነበር፤ አሥራ አንድ ሴቶች ተኝተዋል። እባክዎን በሩን ይክፈቱላቸው። ከዚህ ሌላ የምጠይቅዎ የለኝም።

ሥርዓት አክባሪነትዎን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የማልረሳ፣

ሪስፓ አውዎር፣ የአዶዮ እናት

ማስታወሻ፦ ለምረቃው ከጋበዟቸው የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች መዘምራን አንዷ እኔ ነኝ። ምን እንደምንዘምር ጸሐፊዎ ጠይቃን ነበር፤ አዶዮን ስንቀብር የዘመርነውን መርጠናል። ረጅም ስለሆነ ለገዥው ወንበር ያዘጋጁላቸው።